የባለ ጋቢው አባት

ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። የአዳማ ቀትር ሸራውን አግሎት፣ ያ የላስቲክና የአቧራ፣ ትንሽም የናፍጣ የሚመስል ሽታ ከላይ ወረደብኝ። ሹፌሩ ሙዚቃውን አስጩኾታል፤ እኔ ግን መስማቱን ትቼ ነበር። የጋለ ሸራ በሸተተኝ ቁጥር የት እንደምሄድ አውቀዋለሁ፤ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ የነበረችው ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚው ላይ። ታናሽ ወንድሜ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ «አሁን ነው የሚመጣው? አሁን ነው?» እያለ ይጨቀጭቀኛል።

ስልኬ ጮኸ። የላከው ራሱ ወንድሜ ነበር። «ጋቢውን አወለቁት» ይላል መልእክቱ፤ ሌላ ምንም የለውም።

ሌላ ሰው ቢያነበው አንድ ሽማግሌ ተዘርፈዋል ብሎ ይደነግጣል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ገብቶኝም ደሜ ፈላ። ፋርማሲ ከፍቼ ለሰው መድኃኒት የምሰጥ ሴት ነኝ፤ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ስለ አንድ የፈረንጅ ፊልም ጀግና ልብስ ብቻዬን ሳጉረመርም ሹፌሩ በመስታወት አየኝና ሙዚቃውን ቀነስ አደረገው።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው ስል ግን፣ በእኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚባለው ነገር ትንሽ የተምታታ መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ቪዲዮ ቤቷ የጭቃ ቤት ነበረች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። በሯ ላይ የተንጠለጠለው ከጭነት መኪና ላይ የተቆረጠ አሮጌ ሸራ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ባለቤቱ ሸራው ላይ በባልዲ ውኃ ይደፉበት ነበርና፣ ገልጠን ስንገባ የራሰ ሸራ፣ የተቆላ ኦቾሎኒና የልጆች እግር ሽታ አንድ ላይ ይቀበለን ነበር። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ፊልሙ ሲያሰለቸኝ በእነዚያ ቀጫጭን ጨረሮች ውስጥ አቧራው ሲዋኝ አይ ነበር።

የሸራ ሽታ ለእኔና ለወንድሜ የአባታችን ሽታ ነበር። አባታችን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ከእሱ ቀድሞ ሽታው ቤት ይገባ ነበር። እራት ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ በሁለት እግሩ አቁሞት፣ አፉን ከፍቶ ይስቅ ነበር። እናቴ «ትወድቃለህ! ልጆቹም ይህንን ነው የሚማሩት!» ትለው ነበር። ወድቆ አያውቅም።

የሞተው በመንገድ ላይ ነው። መኪናው ተገለበጠ። በዚያ ንጋት ግቢያችን በሰው ሲሞላ እኔ ነቅቼ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ወንድሜ ግን ተኝቶ ነበር። ሳይነቃ በነጠላ ጠቅልለው አርሲ ነገሌ አክስታችን ቤት ወሰዱት፤ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ እዚያ ቆየ። ለትንሽ ልጅ እንዲህ በአንዴ መርዶ አይነገርም፣ ቀስ ተብሎ ነው ተባለ። ሲመለስ «አባትህ ጅቡቲ ነው፤ ወደቡ ላይ ጭነት ተጨናንቆበት ነው» አሉት። እኔንም አንዷ የእናቴ ዘመድ ጥግ ወስዳ ጆሮዬን ያዝ አድርጋ «አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ፤ አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። ትልልቆቹ ተማከሩ፣ ተስማሙ፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። አሁንም፣ ይህንን ሁሉ ዓመት አልፌ፣ ይህ ነገር ትዝ ሲለኝ ያቺን ሴትዮ ፈልጌ ጆሮዋን መያዝ ያምረኛል። አንድ አልጋ ላይ አብሮኝ የሚተኛ ልጅ በየቀኑ «ዛሬ ይመጣል?» ሲለኝ ምን እንድል ነበር የፈለጉት?

ፊልሙ ሰፈራችን የደረሰው ያኔ ነው።

የቪዲዮ ቤቷ ባለቤት ራሳቸው ተርጓሚ ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጡና በሸንበቆ ዘንግ እየጠቆሙ ፊልሙን በአማርኛ ይነግሩናል። እንግሊዝኛ ምን ያህል ይችሉ እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው። አፋቸው ግን አያርፍም፤ ፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ሲተያዩ እንኳን እሳቸው ይናገሩላቸው ነበር። ልጆች ሲንጫጩ «ጨሊሳ! ዝም በሉ!» ይላሉ፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም የእሳቸው ስለነበር በሁለቱም ይቆጡናል፣ በሁለቱም ያስቁናል።

የዚያ ፊልም አክተር ነፋስ የሚያዝዝ ጀግና ነበር። እጁን ከፍ ሲያደርግ አውሎ ነፋስ ቀጥ ይላል። ከትከሻው ላይ ግራጫ፣ ረጅም፣ ሰፊ ጨርቅ ይንዘረፈፋል። ፈረንጆቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት እኛ ምን አገባን፤ ተርጓሚው «አሁን ጋቢውን ደረበ!» አሉ፣ በቃ፣ ጋቢ ሆነ። እሱም ባለ ጋቢው ሆነ። የእውነት ስሙን የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ዛሬም አፌ ላይ አይመጣልኝም። አዳማ ላይ ነፋስ በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የእናቱን ጨርቅ ደርቦ፣ አቧራው ፊት እጁን ዘርግቶ ይቆም ነበር። ነፋሱ አንድም ቀን አልታዘዘልንም።

ፊልሙ በሁለት ሲዲ ነበር የመጣው። ኮፒ ነው። ሲዲዎቹ ላይ በማርከር አንድና ሁለት ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ የጻፈው ሰው ማንም ይሁን ማን አገላብጦ ነው የጻፈው። ተርጓሚው የመጀመሪያ ቀን «አንድ» የሚለውን ዴኩ ውስጥ ከተቱ። ፊልሙ ከጦርነቱ መሃል ጀመረ። ማንም አልተገረመም፤ ከመሃል የሚጀምር ፊልም ለምደናል። ባለ ጋቢው ቦሱን፣ የክፉዎቹን አለቃ፣ ገጠመው፣ ተደበደበ፣ ተነሳ፣ ከተማውን አዳነ። አጨበጨብን። ጽሑፉ ወደ ላይ መሮጥ ሲጀምር ተርጓሚው ሲዲውን አወጡና «ሁለት» የሚለውን ከተቱ።

ባለ ጋቢው የለም። አንድ ትንሽ ልጅ በአንዲት የእንጨት ቤት ውስጥ ከአባቱ ጋር ጫማ ያስራል።

ተርጓሚው ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቴሌቪዥኑን ጥቂት አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ።

«ያው እንግዲህ… ከተማው ባለ ጋቢውን ‹ውለታህን በምን እንክፈልህ?› አለው። ‹ወርቁም ሹመቱም ይቅርብኝ፤ አባቴን መልሱልኝ› አለ። መለሱለት። ይኸው! ልጅ ሆኖ፣ አባቱ መጥቶለት!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ወንድሜ አላጨበጨበም። ክንዴን ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ነበር የሚያየው። አባትየው ልጁን ትከሻው ላይ ሲያወጣው፣ የተሰበረ መስኮት አብረው ሲጠግኑ፣ ከዚያ እራት ሲቀርብ። አባትየው ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ መሳቅ ጀመረ። ልክ እዚያ ላይ መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ሁሉም ጮኸ፣ አፏጨ፣ መንግሥትን ሰደበ። ወንድሜ ግን ጆሮዬ ስር «አየሽ? የባለ ጋቢውም አባት ቆይቶ ነው የመጣው» አለኝ። አለማልቀሴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በነጋታው ጠዋት እኔ ሳልነሳ ወንድሜ ብቻውን ወደ ቪዲዮ ቤቷ ሄዶ ነበር። ፊልሙን በድጋሚ ስናየው መብራቱ አልሄደም፤ ነገር ግን እዚያው እራቱ ላይ፣ ወንበሩ እንዳዘነበለ፣ የሰውየው አፍ ለሳቅ እንደተከፈተ፣ ምስሉ ቀጥ አለ።

«ተጭሯል» አሉ ተርጓሚው። ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «በቃ፣ ቤታቸው ገቡ። እናንተም ወደ ቤታችሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ቀሪውስ?» አሉ ትልልቆቹ ልጆች።

«ምን ቀሪ አለው? እራት እየበሉ ነው!»

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር። ያ ሲዲ እዚያ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ተርጓሚው ያንኑ ይላሉ፤ እኛም ሸራውን ገልጠን ወደ ፀሐዩ እንወጣለን። ዓይናችን በብርሃኑ ተጨናብሶ፣ ወንድሜ ከፊቴ እየሮጠ፣ አባታችን ዛሬ መጥቶ እንደሆነ ለማየት።

እናቴ ቪዲዮ ቤት እንድንገባ አትፈቅድም ነበር። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ ፊልም የዓለም ነገር ነው ትል ነበር። ስንመለስ ግን የወንድሜን ራስ ወደ ደረቷ አስጠግታ ፀጉሩን ታሸተው ነበር። ሸራው ልብሳችንና ፀጉራችን ላይ ይቀራል። የት እንደዋልን ወዲያው ታውቃለች ብዬ እፈራ ነበር። አሽትታው ስታበቃ ግን ሳትቆጣን ወደ ጓዳ ትገባለች።

ወንድሜ የሰማው ትምህርት ቤት ነው። ኳስ ላይ ተጣልተው አንድ ልጅ «አንተ እኮ አባትህ ሞቷል!» አለው። ቀስ ተብሎ የሚነገረው መርዶ እንዲህ ነው የተነገረው። ቤት መጥቶ አላለቀሰም። አልጋው ላይ ከጎኔ ተቀመጠና «የባለ ጋቢውስ?» አለኝ።

«የእሱ አለ» አልኩት።

«አለ?»

«አለ። እራት እየበሉ ነው።»

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። የእኛ አልመጣም፤ የባለ ጋቢው አባት ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ እየሳቀ ቀረልን። ወንድሜ ለዚያ ሰውዬ ምን ያህል እንደሚሳሳለት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጎረምሳ ሲሆን ከጓደኛው ቤት ደህናውን ኮፒ አየ፤ በትክክለኛው ቅደም ተከተል። የልጁ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ነው፤ አባትየው ከእራቱ ተነስቶ ይወጣል፣ በነፋሱ ይሞታል፣ ልጁም ጀግና የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ ቤት ሲመጣ ፊቱ ልክ እንደ ኳሱ ቀን ነበር። እኔ ምን እንደምለው ስፈልግ እሱ ጫማውን አውልቆ ወረወረና «ተሳስተዋል። ትክክሉ አዳማ ያለው ነው» አለ። ከዚህ ሐሳቡ ማንም ንቅንቅ አላደረገውም።

ፊልሙ ከዚያ ወዲህ እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ አንዴም አይደል። አንዱ አክተር ሲያረጅባቸው ሌላ ጎረምሳ ያመጡና «ከዜሮ ጀምረናል» ይላሉ። ዜሮ ማለት ለእነሱ የአባትየው ሞት ነው። አንዱ ላይ ነፋስ ገደለው፣ ሌላው ላይ ድልድይ ፈረሰበት። ልብሱን ይቀይራሉ፣ ከተማውን ይቀይራሉ፣ ቦሱን ይቀይራሉ፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን አይነኳትም። ስንት ጊዜ ነው አንድ አባት የሚሞተው? ይህን ሁሉ ሀብት አፍስሰው፣ ሰማዩን ሁሉ በኮምፒውተር ሠርተው፣ አንድ ሰው እራቱን እንዲጨርስ መፍቀድ ያቅታቸዋል? እኔ ፊልም አይቼ የምናደድ ሰው አይደለሁም እላለሁ፤ ግን ይኸው ስናገር እንኳን ድምፄ ከፍ ብሏል።

ወንድሜ አሁን ዱከም ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኦፕሬተር ነው። የባለ ጋቢው ወዳጆች የሚሰባሰቡበት የስልክ ግሩፕ ከፍቷል፤ አድሚኑ እሱ ነው። እኔንም ሳልጠይቀው አስገባኝ። አዲሱ ፊልም ሊወጣ መሆኑ ከተሰማ ጀምሮ ስልኬ እረፍት አልነበረውም። መደርደሪያዬ ስር አስቀምጬው ቀኑን ሙሉ ሲነዝር ይውላል። ማስታወቂያው ወጥቶ ጀግናው ያለ ጋቢ፣ እንደ ብስክሌት ነጂ የተጣበቀ ልብስ ለብሶ የታየ ቀን ደግሞ፣ ያ የባጃጁ ቀን፣ ግሩፑ ለቅሶ ቤት መሰለ።

«ያለ ጋቢ ባለ ጋቢው ምኑን ነው?» አለ አርሲ ነገሌ ያለው የግሩፑ አባል። የእህል ወፍጮ ቤት አለው፤ ሁልጊዜ ቮይስ ነው የሚልከው፣ ከኋላው ወፍጮው እየጮኸ። «ይህን አክተር ነፋሱ ራሱ ይወስደዋል! ክንዱን አያችሁት?»

«ኧረ ተዉ፣ መጨረሻ ላይ ይደርበው ይሆናል» ትላለች ባቱ አበባ እርሻ የምትሠራው ልጅ። የእሷ ተስፋ ማለቂያ የለውም። በእያንዳንዱ አዲስ ፊልም ተስፋ አድርጋለች፣ በእያንዳንዱም ተቃጥላለች።

ወንድሜ ስለ ጋቢው ተናዶ ተናዶ ሲያበቃ ሌላ ነገር አየ። ማስታወቂያው ላይ አባትየው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይታያል፤ ፀጉሩም ሽበት አለው። ወዲያው ደወለልኝ።

«ሽበት አለው እያልኩሽ! በድሮው ላይ እኮ ጥቁር ፀጉር ነበር። ሽበት እስኪያወጣ ኖሯል ማለት ነው!»

«ሽማግሌ አክተር ቀጥረው ነዋ» አልኩት። «ዝም ብለህ አትጠብቅ። እነዚህ ሰዎች እሱን ሳይገድሉ መጀመር አያውቁም።»

«አንቺ ደግሞ!» አለና ዘጋብኝ።

ግሩፑ ላይ «ዘንድሮ አባትየው አይሞትም» ብሎ ጻፈ። «የአዳማው መጣ ደግሞ» ብለው ሳቁበት። የሲዲውን ታሪክ ስንቴ ነግሯቸዋል፤ አንዳቸውም አይገባቸውም። እኔ ግን ፈራሁለት። ወንድሜ ዘንድሮ አባታችን በሞተበት ዕድሜ ላይ ነው። ያንን እኔም አልተናገርኩም፣ እሱም አልተናገረም፤ ግን በልደቱ ቀን እናቴ ትክ ብላ ስታየው እሱም ሲያያት አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ አዛውንት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ፋርማሲ ገቡ። ድምፃቸውን ስሰማ ከመደርደሪያው ጀርባ ብድግ አልኩ። ተርጓሚው ነበሩ። ከስተዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል፤ አፋቸው ግን ያው ነው። ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸውና ስለ አዲሱ ፊልም ነገርኳቸው። ስለዚያ የተጫረ ሲዲም እየሳቅሁ አነሳሁ።

«ሲዲው?» አሉ። «ሲዲው ምን ተጫረ! መስታወት የመሰለ ሲዲ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ይቆም ነበር?»

«እኔ ነበርኩ የማቆመው። በርጩማዬን ዴኩ ጎን ያደረግሁት ለምን መሰለሽ?»

መድኃኒቱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ ብለው ነገሩኝ። የመጀመሪያ ቀን መብራት ሄዶ እኛ ስንበተን፣ መብራቱ ወዲያው ተመልሶ ነበር። ብቻቸውን ቁጭ ብለው ጨረሱት፤ አባትየው ሲሞትም አዩ።

«በነጋታው ወንድምሽ ሸራውን ገልጦ ገባ። ‹ጋሼ፣ የባለ ጋቢው አባት እኛ ከወጣን በኋላ የትም አልሄደም አይደል?› አለኝ። ምን ልበለው? እኔ ከእናንተ ድንኳን ተቀምጬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ‹የትም አልሄደም› አልኩት። ካልኩ በኋላ እንግዲህ ማቆም ነበረብኝ።»

«ቁጥሩንስ እርስዎ ነዎት ያገላበጡት?»

«እሱን አልነካሁም! እሱን የነካው ሌላ ነው» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «አሁንም ይገድሉታል?»

«የሚገድሉት ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«አይ እነዚህ ሰዎች» አሉ ምርር ብለው። መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ መርቀውኝ ወጡ። ለወንድሜ አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት ብትጠይቁኝ፣ የሲዲውን ጭረት ከእሱ መውሰድ ከብዶኝ ነው።

ፊልሙ አዳማ መታየት ሲጀምር ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኝ ተባባልን። የባቱዋ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ቀድማ አይታው ስለነበር፣ ግሩፑ ላይ እንዳትጽፍ ለምኜ ለእኔ ብቻ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። «ይቅርታ እህቴ» ብላ ጻፈችልኝ። «እራት ላይ በር ይንኳኳል፤ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ የለም።»

እዚህ ላይ ንዴቴ ጣሪያ ነካ። ወንድሜ ላይ፣ ሽበቱ ላይ፣ እነዚያ ሰዎች ላይ። እንዲቀር ልነግረው ስልኩን አነሳሁ፤ ደግሞ አስቀመጥኩት። ይህንን መርዶ እኔ አላረዳም፣ አልኩ። ያኔም አደራ ተሰጥቶኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ በራሴ እጅ ገባሁበት።

ቅዳሜ እኔ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ፣ እሱ ከዱከም አልደርስ አለ። ሺፍቱ አልቆ ወጥቷል፤ ሚኒባሱ ግን ከከባድ መኪናዎች ኋላ ተሰልፎ ይንፏቀቃል። በየደቂቃው ይደውላል፣ በየደቂቃው እናደዳለሁ። ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ የሥራ ቦርሳው ትከሻው ላይ ነበር። ፊልሙ ከግማሽ አልፏል።

«ግድ የለም፣ እንግባ» አለ።

በጨለማው ውስጥ እየተደናበርን ተቀመጥን። ጦርነቱ መሃል ላይ ነበር። ጎረምሳው ባለ ጋቢ፣ ያለ ጋቢው፣ ተደበደበ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። መናገር ካለብኝ ደህና ነበር፤ ክንዱም ያን ያህል አልነበረም። ሊያልቅ ሲል ከአንድ የፈረሰ ቤት ግራጫ ጨርቅ አነሳና ትከሻው ላይ ጣለው። አዳራሹ ጮኸ። ወንድሜም ብድግ ብሎ ጮኸ፣ ፋብሪካ የሚውለው ትልቅ ሰውዬ፤ ከፊታችን ያለች ሴት ዞራ አየችው። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ላይ መሮጥ ጀመረ፣ መብራቱም በራ።

«አባቱን አላሳዩትም» አለኝ ተቀምጦ። «ሞቷልም አላሉም። ሰማሽ ሞቷል ሲሉ?»

«አልሰማሁም።»

«ቆይ፣ መጀመሪያውን እንየው።»

አስተናጋጁ ልጅ መጥቶ «አልቋል እኮ» አለን። ወንድሜ ለሚቀጥለው ዙር ትኬት አስቆረጠና «ለእኛ ገና ነው» አለው። ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ሰው እንደገና ገባ፣ መብራቱ ጠፋ። ወንድሜ ምን እየሆነ እንዳለ ገብቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። «አንድ» የተባለውን ሲዲ አይተናል። አሁን የሚመጣው «ሁለት» ነው።

የእንጨት ቤት። ትንሽ ልጅ። ሽበታም አባት፣ ጫማ ሲያስር። መስኮቱን ነፋስ ያንኳኳዋል። የወንድሜ እጅ ክንዴን ያዘኝ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ጣቶቹ ብቻ ተልቀዋል፣ ቅባት ቅባት ይሸታሉ። ትከሻ ላይ ማውጣት፣ መስኮት መጠገን። እነዚህ ሰዎች ያንኑ ቤት ድጋሚ ነበር የሠሩት። እራት ቀረበ። አባትየው ምን እንዳለ እንግሊዝኛውን አልሰማሁትም። ወንበሩን ወደ ኋላ አዘነበለ። አፉን ከፍቶ ሳቀ።

በሩ ሊንኳኳ ነው። አውቀዋለሁ።

ተነሳሁ። ከኋላችን ያሉት «ተቀመጪ እንጂ!» አሉ። ወደ ወንድሜ ጎንበስ ብዬ «በቃ፣ ቤታቸው ገቡ» አልኩት። «እኛም ወደ ቤታችን።»

ቀና ብሎ አየኝ። የስክሪኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር፤ የሰባት ዓመት ልጅም፣ አባቴም፣ ሁለቱም እዚያ ፊት ላይ ነበሩ። ወደ ስክሪኑ ሊዞር ሲል ተወው።

«ተጭሯል?» አለኝ።

«ተጭሯል» አልኩት።

ቦርሳውን አነሳ። በሰዎች ጉልበት መሃል እየተጋፋን፣ ይቅርታ እየጠየቅን ወጣን፤ የሰውየውም ሳቅ እስከ በሩ ድረስ ሸኘን።